ታማኝነትና እውነት በሶፍትዌር እድሳት

አንድ ነገር ክፍሎቹ በሙሉ ከተለወጡ በኋላ ያው የቀድሞው ነገር ነው ለማለት ምን ምክንያት ይቀርባል የሚለው ጥያቄ ከጥንታውያን ግሪኮች ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የፍልስፍና ጥያቄ ሲሆን፣ በአሁኑ ዘመን ይህን ጥያቄ በዕለት ሥራቸው የሚጋፈጡት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ናቸው። በሙያው ሪፋክተሪንግ የሚባል ሥራ አለ፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው የሚያሳየውን አሠራር ሳይለውጡ የኮዱን ውስጣዊ አደረጃጀት ማደስ፣ ማለትም የተዝረከረከውን መሰብሰብ፣ የተደጋገመውን ወደ አንድ ማምጣት፣ ሥራውን በማይገልጽ ስም የሚጠራውን ክፍል በሚገልጽ ስም መጥራት ነው። ዊልያም ኦፕዳይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ጉዳዩን በሥርዓት የመረመረው ሲሆን፣ ማርቲን ፋውለር በ1999 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሥራውን ከነዘዴው በመላው ዓለም አስተዋውቆታል። ሁለቱም ትርጓሜያቸውን ያቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ የኮዱ መልክ ይለወጣል፣ የሚታየው ባሕርዩ ግን ይጸናል። ይህ አነጋገር ቴክኒካዊ ብቻ ይምሰል እንጂ፣ መለወጥና ያው ሆኖ መገኘት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አቋም የያዘ አነጋገር ነው።

ጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የአፈ ታሪኩን ጀግና የቴሲየስን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስና በጠንካራ ሳንቃ ይተኩ ነበርና፣ ፈላስፎች መርከቢቱ ያችው ናት በሚሉና አይደለችም በሚሉ ተከፍለው ይከራከሩባት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ክርክሩን አከበደው፤ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ቢገጣጥማቸው ሁለት መርከቦች ይገኛሉና፣ ከሁለቱ የትኛዪቱ የቴሲየስ ትባል የሚል ጥያቄ አስከተለ። የሆብስ ሁለተኛ መርከብ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ የሐሳብ መፈተኛ ሆና ብትኖርም፣ በሶፍትዌር ሥራ ግን በእውን አለች። የኮድ ለውጦችን በየደረጃው መዝግቦ የሚያስቀምጠው ጊት የተባለው ሥርዓትና መሰሎቹ አሮጌውን ኮድ እንዳለ ስለሚጠብቁት፣ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ተነሥተው፣ አንድ ዓይነት ግብዓት ተሰጥቷቸው፣ መልሳቸው ሊመሳከር ይችላል። ከአርስቶትል ወገን የሚቆም ሰው ቁሱ ቢለወጥም ቅርጹ እስከጸና ድረስ መርከቢቱ ያችው ናት ሊል ይችል ይሆናል፤ በሪፋክተሪንግ ግን ሆን ተብሎ የሚለወጠው ራሱ ቅርጹ በመሆኑ፣ የኮዱ ማንነት ሊፈለግ የሚገባው በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ኮድ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። ጉዳዩን በቅርብ ለማየት የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ቀን የሚመልስ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድን የተወሰነ ተግባር ለይቶ የሚያከናውን የኮድ ክፍል፣ መመልከት ይበቃል። እንዲህ ያለው ፋንክሽን ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ቀላል ደንብ ነው፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ባለፈ ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለየወሩ ሠላሳ ቀን እየደመሩ መሄድ ነው። ኮዱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተጠጋገነ ሲመጣ 11 እና 12 የሚሉት ቁጥሮች ያለ ምንም ማብራሪያ በየቦታው ይበተናሉ፣ የጳጉሜን ጉዳይ በአንድ ስፍራ ዓመቱን ለአራት በማካፈል፣ በሌላ ስፍራ ደግሞ የጎርጎርዮስን ዓመት በመመርመር ይፈታል፤ በመጨረሻም ደፍሮ የሚነካው ሰው ይጠፋል። ኮዱን ማደስ የሚፈልግ ባለሙያ ደንቡን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ስም ሊሰጠው ይነሣል፤ ከመነሣቱ በፊት ግን የቀድሞው ተግባር እንዳልተነካ የሚያውቅበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ይህ መንገድ ቴስት ይባላል። ቴስት ማለት የፕሮግራሙን አንድ ክፍል በታወቀ ግብዓት አስነሥቶ ውጤቱን አስቀድሞ ከተጻፈ መልስ ጋር የሚያመሳክር ሌላ ኮድ ነው። ለምሳሌ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ በማግስቱ ያለው መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት የሚሉ ሁለት መስመሮች እውነተኛ ቴስቶች ናቸው። የ2013ንና የ2014ን ቀኖች ብቻ የሚጠይቅ ቴስት ያለው ሰው ግን የዘመነ ሉቃስን ቅርንጫፍ ከነጭራሹ ቢሰርዘው እንኳ ቴስቱ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይመልስለታል።

እዚህ ላይ ከፈላስፋው ዴቪድ ሂውም ዘመን ጀምሮ መፍትሔ ያላገኘ ችግር ይነሣል። የቱንም ያህል ብዙ ጉዳይ ታይቶ አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ያልታየው ጉዳይ እንደታየው ይሆናል ለማለት አመክንዮአዊ ማስገደጃ የለም። ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ ችግር ለመውጣት የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ በማስረጃ አይረጋገጥም፣ ውድቅ ሊሆን ግን ይችላል የሚል መንገድ ቀይሷል፤ ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስኸር ዳይክስትራም በ1969 በሮም በተካሄደው የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባኤ ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለ ፕሮግራም ተናግሯል፤ እንደ እርሱ አባባል ቴስት ስህተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም። ነገሩ የማጋነን አይደለም። እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር ተራ ፋንክሽን ሊቀበላቸው የሚችላቸውን ግብዓቶች ሁሉ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን እየሞከሩ ለመጨረስ ከ580 ዓመት በላይ ይወስዳል።

የቀን መቀየሪያው ፋንክሽን ግን ከዚህ የተለየ ዕድል ስላለው በጥልቀት ሊታይ ይገባዋል። ሁለት መቶ ዓመት በቀን ሲቆጠር ሰባ ሦስት ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አስነሥቶ እያንዳንዷን ቀን መጠየቅ ለኮምፒውተር የቅጽበት ሥራ ነው። ሁሉም መልስ ከተመሳሰለ በዚያ የዘመን ክልል ውስጥ የሂውም ጥርጣሬ ቦታ የለውም፤ አንድም ያልታየ ቀን አልቀረምና። ሪፋክተሪንጉ የገባውን ቃል ሙሉ በሙሉ ጠብቋል ማለት ነው። ሆኖም ይህን ያህል የተሟላ ምርመራ ያለፈ ኮድ ሐሰት ሊናገር ይችላል።

የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን፣ ዕለቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። የድሉ በዓል በአሁኑ ጊዜ በየካቲት 23 ሲከበር ግን ዕለቱ ማርች 2 ላይ ይውላል። ልዩነቱ የመጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ሲጨመር፣ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን ለ400 በማይካፈሉ የመቶ ዓመት መዝጊያዎች ላይ ይህን ጭማሪ ስለሚተው ነው፤ 1900ም ከእነዚህ አንዱ ነበር። መስከረም 1ን ከሴፕቴምበር 11 እና 12 ጋር ያሰረው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ እስከ 2099 ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከላይ የተገለጸው ፋንክሽን የዓድዋን ዕለት ማርች 2 ቀን 1896 ይለዋል። አሮጌው ኮድ እንዲህ ይላል፤ በጥንቃቄ የታደሰው ኮድም እንዲሁ ይላል፤ ሁለቱን ያመሳከረው ቴስትም ያለ አንዳች እንከን ያልፋል።

ስለዚህ በኮድ እድሳት ውስጥ ሁለት የተለያዩ በጎ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ለቀድሞው ተግባር መታመን፣ ሁለተኛው እውነትን መናገር ነው። ሪፋክተሪንግ ቃል የሚገባው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ ኮድ ጥራት የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ይደባልቃቸዋል፣ ከዚህ የሚመጣውም ጉዳት ከስንፍና ከሚመጣው አይተናነስም። እውነትን የሚወድ ባለሙያ ኮዱን በማደስ ላይ ሳለ የዓድዋን ስህተት ቢያገኝ፣ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ስህተት ለማንም ሳይናገር ቢያርመው መልካም እንዳደረገ ሊሰማው ይችላል። የመረጃ ቋቶች በአብዛኛው ቀን የሚያስቀምጡት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ ግን፣ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ብሎ ያስገባው ሰነድ ማርች 2 ቀን 1896 ተብሎ ተቀምጧል። አሮጌው ኮድ ይህን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ሲመልሰው በሄደበት ስህተት ስለሚመለስ፣ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ትክክለኛው የካቲት 23 ነበር። ኮዱ ከታረመ በኋላ ግን ያው ሰነድ የካቲት 24 ተብሎ ይታያል። ከጣሊያን ሰነዶች በቀጥታ በጎርጎርዮስ ማርች 1 ተብሎ የገባው መዝገብ ደግሞ በተቃራኒው ቀድሞ የካቲት 22 ይል የነበረው አሁን ይስተካከላል። ሁለቱ ዓይነት መዝገቦች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ የትኛው በየት በኩል እንደገባ ሳይለዩ የሚደረግ እርማት አንዱን እያቀና ሌላውን ያጣምማል።

ማይክል ፌዘርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ቴስት የሌለውን ኮድ ሁሉ፣ ትናንት የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ የተወረሰ አሮጌ ኮድ ብሎ ከመደበው በኋላ፣ ለእንዲህ ያለው ኮድ የሚጻፉ ልዩ ቴስቶች እንዳሉ አስረድቷል። እነዚህ ቴስቶች ኮዱ ሊሠራ የሚገባውን ሳይሆን በእውነቱ የሚሠራውን ይመዘግባሉ። በዚህ አካሄድ መሠረት ባለሙያው መጀመሪያ የሚጽፈው ቴስት የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 2 ቀን 1896 ይሆናል የሚል ነው፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ይጽፈዋል፣ ሐሰት መሆኑንም ከጎኑ ያብራራል። ሐሰትን በጽሑፍ አጽንቶ ማኖር ለኅሊና የማይመች ቢመስልም፣ ይህ ተግባር ከምስክር ተግባር ጋር አንድ ነው፤ ምስክር ያየውን እንዳየው ይናገራል፣ ፍርዱን ግን በቦታውና በጊዜው ለሚሰጠው ይተዋል። ፍርዱ በኋላ ሲሰጥ፣ ማለትም ስህተቱ እንዲታረም ሲወሰን፣ ያው ቴስት በግልጽ ተለውጦ ማርች 1 ይላል፤ ለውጡም በኮዱ ታሪክ ውስጥ ቀኑንና ምክንያቱን ይዞ ይገኛል።

ከዚህ አንጻር የፖፐር አስተሳሰብ ለሶፍትዌር ሲወሰድ የሚጎድለው ነገር ይታያል። የተፈጥሮ ሕግ ሳይንቲስቱ ኖረም አልኖረ ያለ ነገር ነውና ሙከራው የሚፈትነው የሰውን ግምት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2014 የሚባል ቀን ግን በዓለም ላይ የለም፤ አንድ ተጠቃሚ ይህን ቀን ቢያስገባ ፕሮግራሙ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰው ወይስ መስከረም 1 ቀን 2015 ብሎ ይቀበለው የሚለውን የሚወስን የተፈጥሮ ሕግ አይገኝም። የሚወስነው ሰው ነው፣ ውሳኔውም ቴስት ሆኖ እስካልተጻፈ ድረስ በአጋጣሚ የተፈጠረ የኮድ ጠባይ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ቴስት እንግዲህ ግምትን ከመፈተኑም በላይ፣ ከሚለወጠው ነገር መካከል የትኛው እንዳይለወጥ ቃል እንደተገባ የሚያስታውቅ ሰነድ ነው።

ቃሉ የተገባው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል፤ የፋውለር ትርጓሜ የሚታይ ባሕርይ ሲል ተመልካቹን አልሰየመምና። የዚህ ጥያቄ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ላይ በደረሰው ጥፋት ነው። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ባወጣው ውሳኔ እንደተዘረዘረው፣ ድርጅቱ ፓወር ፔግ የተባለ የግብይት ኮድ በ2003 መጠቀም ቢያቆምም ኮዱን ከሲስተሙ አላወጣውም ነበር። በ2005 ደግሞ የተፈጸሙ አክሲዮኖችን ብዛት እየደመረ ትእዛዙ ሲሞላ መላኩን የሚያስቆመው ክፍል ከነበረበት ተነሥቶ በኮዱ ቅደም ተከተል ውስጥ ወደ ቀደመ ስፍራ ተዛወረ። ሥራው አንድን ክፍል ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር፣ ማለትም በሪፋክተሪንግ መጻሕፍት ውስጥ ከሚገኙት ተራ እርምጃዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፓወር ፔግ ቢጠራ አሁንም በትክክል ይሠራ እንደሆነ ግን ዳግመኛ አልተሞከረም። ማንም የማይጠቀምበት ኮድ ስለነበር ባሕርዩ መለወጡን ያየ ተመልካች አልነበረም።

ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ በኦገስት 1 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ.) አዲስ ኮድ ሥራ ሲጀምር፣ ቀድሞ ፓወር ፔግን ያስነሣ የነበረው ምልክት ለአዲሱ ተግባር ተመድቦ ነበር። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ሲጫን በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ። በዚያ አንድ ሰርቨር ላይ ምልክቱ ሲደርስ የተነሣው አሮጌው ፓወር ፔግ ነበር፤ መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ክፍል ግን ከ2005 ጀምሮ ከስፍራው የለም። ሲስተሙ 212 የደንበኞች ትእዛዝ ለመፈጸም ሲሞክር በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከአራት ሚሊዮን በላይ ግብይቶችን ፈጸመ፤ ኪሳራውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በጭንቁ ሰዓት ሠራተኞቹ የችግሩ ምንጭ አዲሱ ኮድ መስሏቸው በትክክል ከተጫነባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ ሲያነሡት፣ በእነዚያም ላይ አሮጌው ኮድ ተነሥቶ ጥፋቱን አባባሰው። በዚያች ሰዓት የትኛው ክፍል ቃሉን እንደጠበቀና የትኛው እንዳፈረሰ አልለዩም ነበር። በ2005 ኮዱን ያዛወረው ሰው በእለቱ ለነበሩት ተመልካቾች ሁሉ ታማኝ ነበር፤ ቃሉ የፈረሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመልካች ነው።

ዋርድ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ ሳይታደስ ሥራ ላይ የዋለን ኮድ ከዕዳ ጋር አመሳስሎ ያቀረበው ሐሳብ በሙያው ውስጥ እጅግ ተስፋፍቶ ይገኛል፤ ባልታደሰ ኮድ ላይ የሚጠፋው ተጨማሪ ጊዜ ሁሉ በዚያ ዕዳ ላይ እንደሚከፈል ወለድ ይቆጠራል። ንጽጽሩ የሥራ አመራርን ለማሳመን ጠቅሟል፣ በሥነ ምግባር ዓይን ሲታይ ግን ይጎድለዋል። ዕዳ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የተበደረው ነው፣ ስንት እንደተበደረም ያውቃል። የኮድን ብልሽት የሚሸከሙት ግን ውሉ ሲፈረም ያልነበሩ ሰዎች ናቸው፤ በሌላ አገር የሚቀጠር ወጣት ፕሮግራመር፣ መዝገቧ የተዛባባት ታካሚ፣ ገንዘቡ የጠፋበት ባለ አክሲዮን። ስለዚህ የነገሩን ባሕርይ ይበልጥ የሚገልጸው አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፣ የሰጠው ሰው ባያየውም ይጠብቀዋል፣ ሲያስረክብም የተቀበለውን ምን እንዳደረገው መናገር ይችላል። ቴስት ሳይጽፍ ኮድ የሚያድስ ባለሙያ ብልህና ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል፤ የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው፣ ምን እንዳደረገ ለማያውቀው ሰው መናገር መቻል ነው።

ይህ ማለት እያንዳንዱ መስመር ቴስት ይኑረው፣ እያንዳንዱ አሮጌ ኮድ ይታደስ ማለት አይደለም። ማንም የማይጠቀምበትን ኮድ ከማደስ ይልቅ ማጥፋት እንደሚሻል የናይት ካፒታል ታሪክ ራሱ ያሳያል። ደግሞም ውጤቱን ሳይሆን የአተገባበሩን ዝርዝር ብቻ እየተከተሉ የሚጻፉ ቴስቶች፣ የትኛው ፋንክሽን የትኛውን ስንት ጊዜ ጠራ እያሉ የሚቆጥሩ ዓይነት፣ አደረጃጀቱ በተነካ ቁጥር ስለሚወድቁ ሊጠብቁት የተጻፉለትን እድሳት ራሱን ያግዳሉ። እነዚህ ቴስቶች የሚጠብቁት መልኩን እንጂ ቃሉን አይደለም፤ ጥቂት ቢሆኑም ውጤትን የሚጠይቁ ቴስቶች ከእነርሱ ይበልጣሉ።

የቀን መቀየሪያው ደንብ ወደፊትም ወሰን አለው። መስከረም 1 ቀን 2093 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ሲሆን፣ አሮጌው ፋንክሽን ግን ሴፕቴምበር 11 ይለዋል። ዘመኑ ሩቅ ስለሆነ ጉዳዩ የመጪው ትውልድ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ ሊዝ ሕግ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የይዞታ ዘመን እስከ 99 ዓመት ስለሚደርስ፣ በ2017 ዓ.ም. የተፈረመ ውል የሚያበቃው በ2116 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን የሚያሰላ ኮድ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። የመቶ ዓመቱን ደንብ ለመጨመር ጊዜ ያጣ ባለሙያ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2099 በኋላ ያለ ቀን ሲጠየቅ ፋንክሽኑ የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ይልቅ ይህ ከወሰኔ ውጭ ነው ብሎ እንዲመልስ ማድረግና ይህንኑ በአንድ ቴስት መጻፍ ይችላል፤ ለውጡ ግን ተግባርን የሚለውጥ ስለሆነ ከእድሳቱ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል።